በወረቀቱ አሥራ ሰባት

የበረቱ ባለቤት ኤሬዝ የፈረስ ማመላለሻ መኪናው ሞተር እየተንደቀደቀ ከጋቢናው ዘሎ ወረደና መዳፉን ዘርግቶ ወደ ሠራተኛው ወደ አቶ ጌታው መጣ። ጌታው ልጓሙን ወደ ግራ እጃቸው አሻገሩ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የተዘረጋውን እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጎንበስ አሉ። በዚህ በረት ሁለት ዓመት ፈረስ ሲያጥቡና ሲቀልቡ ኤሬዝ እጁን ሲሰጣቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ትልቅ ቀን ስለሆነ ነው ብለው አሰቡ። ትከሻውን ሊስሙት ሁሉ ዳድቷቸው ነበር።

ኤሬዝ ሳቅ ብሎ እጁን አስለቀቀ። «መታወቂያውን ነው የምልህ፣ ሳባ። የልጁን መታወቂያ።»

ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው፤ በረቱ ውስጥ ሁሉም የሚጠራቸው እንዲህ ነው። በሰፈራቸው ግን፣ ከፎቁ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት የጎንደር ሽማግሌዎች፣ ግማሹን በቀልድ ግማሹን በክብር ባልደራስ ይሏቸዋል። በድሮው ዘመን የቤተ መንግሥት ፈረሶች አለቃ የሚጠራበት ማዕረግ ነው። ጌታው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለውን ካርድ አውጥተው ሰጡት።

ኤሬዝ ፎቶውን አየ። የመኖ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ባምባ የሚሉትን የኦቾሎኒ ቺፕስ የሚቆረጥመውን የጌታውን የልጅ ልጅ፣ አንዳርጌን፣ አየ። እንደገና ሳቀና ካርዱን የራሱ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተው።

በካርዱ ላይ አንዳርጌ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ቀርቶታል። እናቱ፣ የጌታው ልጅ ባይነሽ፣ የወለደችው ግን ከዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው። ወደ እስራኤል ለመምጣት ጎንደር ካምፑ ደጅ ተሰልፈው ሳለ ጸሐፊው ልጁ መቼ ተወለደ ብሎ ሲጠይቃት በሁለት ሺህ ስድስት አለችው። የአገር ቤቱ ዘመን መሆኑን እሷም አልነገረችው፣ እሱም አልጠየቃት። ቁጥሩን እንዳለ በፈረንጅ ዘመን መዝገብ ላይ አሰፈረው። በአንድ መስመር በልጁ ዕድሜ ላይ ሰባት ዓመት ተጨመረ። አሁን የሚኖሩባት ከተማ ቂርያት ጋት ሲደርሱ ትምህርት ቤቱ ቁመቱን አይቶ ከእኩዮቹ ጋር አስቀመጠው፤ የወተት ጥርሶቹም በጊዜያቸው ወለቁ። ወረቀቱ ግን ለብቻው አደገ። አሥራ ስድስት ሞላውና መታወቂያ አወጣ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጻቭ ሪሾን የሚሉት የመጀመሪያው የውትድርና ጥሪ በስሙ መጣ።

ሽማግሌዎቹ ይህን ሰምተው በሳቅ ሞቱ። አንዳርጌ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁሉም ተነሥተው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉለት፤ አንደኛው የጀርባ ቦርሳውን ተቀብሎት፣ ጄኔራል፣ ሠራዊቱን የት አቆሙት አለው። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። ደብዳቤውን ከአልጋው በላይ በፕላስተር ለጠፈው።

ያልሳቀችው ባይነሽ ብቻ ናት። ከመጡበት ቀን ጀምሮ ይህን ዕድሜ ላስተካክል ትላለች፤ የእጅ አጥንቱ ራጅ ይነሣ፣ ዳኛ ይየው፣ ያለቀ ይለቅ ትላለች። ያስቆሟት ጌታው ናቸው። ታናሽ ልጃቸው ሙሉሽ አሁንም ጎንደር ናት። ቤተሰቡ ሲጠራ ስሟ ከዝርዝሩ አልነበረም፤ እንግዲህ ተከተዪን ብለዋት መጡ፣ እሷም እስካሁን ትጠብቃለች። ዓርብ ዓርብ ስትደውል ዋይታ የለም፤ ትቀልዳለች። አባዬ፣ ስሜን ረስተውት ከሆነ ሙሉሽ ነው፣ ትላለች።

የኤሬዝ እህት ባል ዩቫል ጠበቃ ነው። አንድ ቀን በረቱ መጥቶ ወረቀታቸውን ሁሉ ገላለጠና የሙሉሽን ጉዳይ እይዘዋለሁ አለ። ነገር ግን ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ በቤተሰቡ መዝገብ ላይ የተጻፈ አንድም የልደት ቀን እንዳይነካ አጥብቆ አሳሰበ። አንዱ ወረቀት ሐሰት ከተባለ ሌላውም ሐሰት ነው ይባላል፣ ሴትየዋም እዚያው ትቀራለች አላቸው። ከዚያ ወዲህ ዩቫል አልመጣም። ኤሬዝም በጠየቁት ቁጥር ሻኬድ ስታሸንፍ ይላቸዋል። ሻኬድ የለውዝ ልጣጭ የመሰለች ባዝራ ናት። ዛሬ ካሸነፈች ዩቫልን ሰኞ ጠዋት ራሱ እጁን ይዞ እንደሚያመጣው ምሎላቸዋል።

ለባዝራይቱ ቀላል ጋላቢ ያስፈልጋት ነበር። በደቡቡ ሜዳ ስንዴ ከታጨደ በኋላ የሚደረገው ግልቢያ የቆየ ልማድ ነው፤ ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ስለሞተበት ግን የሜዳው አካባቢ ሽማግሌዎች ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች አይጋለብም ብለው ወሰኑ። ኤሬዝ የአንዳርጌን ካርድ መጀመሪያ ያየ ዕለት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሃያ አራት ኪሎ የሚመዝን የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ በአገሩ ሌላ የለም።

ያን ማለዳ ባይነሽ ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ለጠዋት ፈረቃ ስትወጣ አባቷን ደረጃው ላይ አቁማ፣ ልጁ ይወጣባታል ወይስ ያያታል ብላ ጠይቃቸው ነበር። ያያታል አሏት። ባይነሽ ወደ ግራ እግራቸው አየች።

«አባዬ፣ የእርስዎን እግር አይርሱት» አለች፤ ሄደችም።

ጌታው ስለ ፈረስ የሚያውቁትን የተማሩት በግራ እግራቸው ነው። አሥራ አንድ ዓመታቸው ሳለ፣ አባታቸው መሬቱን የሚያርሱለት ባላባት ለጥምቀት ሰሞን ሽምጥ ቀላል ልጅ ፈልጎ እሳቸውን መረጠ። የብር ጉብጉብ ያለበት ግላስ የለበሰ ዳማ ፈረስ ላይ አወጣቸው። ፈረሱ ጉድባ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። ባላባቱ ካባውን ሰብስቦ ሮጦ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አራቱን የፈረስ እግሮች አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ከሥር ልጅ መኖሩን ያስታወሰው ከዚያ በኋላ ነው። ወጌሻ ያሸው አጥንት ጠምሞ ገጠመ። ጌታው ይህን ለማንም አውርተው አያውቁም፤ ለባይነሽ ብቻ፣ እሷም ልጅ ሆና እግርዎ ለምን እንዲህ ሆነ ብላ ስለጠየቀቻቸው።

መኪናው ከከተማው ዳር ያለውን የካርሜ ጋት ሰፈር አዳዲስ ፎቆች በስተጀርባ ትቶ ወደ ደቡብ ዞረ። አንዳርጌ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ የመስኮቱን መክፈቻና መዝጊያ ቁልፍ ይነካካል። ኤሬዝ ከመቀመጫው ኋላ ሁለት ሰፋፊ ማሰሪያ አውጥቶ ለጌታው ወረወረ። ጭኑን ከኮርቻው ጋር እሰረው፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው አለ። ጌታው እምቢ አሉ። የታሰረ ልጅ ከፈረሱ ጋር ይገለበጣል አሉት፤ እኔ የተሻለ አውቃለሁ አሉት። በዚህ አገር እኔ አውቃለሁ ያሉበት ቀን ብዙ አልነበረም።

የሚያውቁት ይህን ነው። የልጁ እግር አጭር ሆኖ ተራውን እርካብ በወጉ አይረግጥም። በአገራቸው ጋላቢ ሙሉ እግሩን አያስገባም፤ እርካቡ ትንሽ የብረት ቀለበት ነው፣ የሚገባው የእግር አውራ ጣት ብቻ ነው። ብረት የሚሠራላቸው ሰው ስላላገኙ ከአሮጌ ልጓም ጠፍር ቆርጠው፣ ሦስት ምሽት በዘይት አሽተው፣ ሁለት የጣት ቀለበት ሠሩ። ሲያልቅ ለአግዳሚው ሽማግሌዎች ወስደው አሳዩ። ባልደራስ፣ ጉድ ነው የሠሩት ተባሉ።

ሜዳው ሲደርሱ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። ከታጨደው ስንዴ ጎን ለጎን ረጅም የአፈር መንገድ ተጠርጓል። በግራና በቀኝ የጭነት መኪኖች ሞተር አስነሥተው ተሰልፈዋል፤ ፈረሶቹ ሲነሡ መኪኖቹም ጥሩምባ እየነፉ አብረው ይሮጣሉ፤ የግልቢያው ደስታ እሱ ነው። አሥራ አንድ ፈረሶች ነበሩ። ከጋላቢዎቹ ሦስቱ ከአንዳርጌ ብዙም አይበልጡም። አንደኛው አፍንጫው እየደማ ነበር፤ ማንም አልጠረገለትም።

ጌታው ልጁን አንሥተው ኮርቻው ላይ አስቀመጡት። ጫማውን አወለቁለት። ጣቶቹን ቀለበቶቹ ውስጥ አስገቡለት። የጭንቅላት መከላከያው ሰፍቶት ዓይኑን ሲጋርደው ከኪሳቸው የባይነሽን ሻሽ አወጡና አጣጥፈው ውስጡን ሞሉት። ሻሹን ማለዳ ከበሩ ጀርባ የወሰዱት ሳይነግሯት ነው፤ ለምን እንደወሰዱት ለራሳቸውም አልነገሩም።

«አባባ፣» አለ ልጁ ከላይ፣ «ካሸነፍኩ አክስቴ ትመጣለች አይደል?»

«ትመጣለች።»

«እንግዲያ አልወድቅም።»

የመነሻውን ባንዲራ የያዙት ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ የበደዊን ሽማግሌ ነበሩ። በየፈረሱ እየቆሙ ጋላቢውን ያያሉ። ሻኬድ ጋ ሲደርሱ ኤሬዝ ካርዱን አቀረበላቸው። ሽማግሌው ካርዱን ሳይቀበሉ ልጁን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ጌታው ዞሩና ዐረብኛ ይችሉ እንደሆነ በዕብራይስጥ ሳይሆን በዚያው በዐረብኛ ጠየቋቸው። ጌታው በወጣትነታቸው ሱዳን ተሻግረው ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲያጭዱ የኖሩ ናቸው። አልሰማሁም ማለት ይችሉ ነበር። ዕብራይስጥ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ እንደሚሉት አልገባኝም ብለው ፈገግ ይሉ ነበር። አፋቸው ቀድሟቸው አዎ አለ።

«ወንድሜ፣ የልጅ ልጆች አሉኝ» አሉ ሽማግሌው። «ይህ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? ካርዱን አይደለም የምጠይቅህ። አንተን ነው።»

ባዝራይቱ መሬቱን ትጭራለች። ልጁ የሚባባሉት አልገባውም፤ አያቱን አይቶ አውራ ጣቱን ቀሰረላቸው። ጌታው ዘጠኝ የሚለውን ቃል በዐረብኛ ያውቁታል። ጎንደር ደጅ ላይ ስልኳን ይዛ የቆመች ሙሉሽ ታየቻቸው። አንዱ ወረቀት ሐሰት ከሆነ።

«ካርዱ ላይ ያለው ነው» አሉ።

«አላህ ሰምቶሃል» ብለው ሽማግሌው ወደሚቀጥለው ፈረስ አለፉ።

ባንዲራው ወረደ።

ሻኬድ መልካም ተነሣች። ጌታው እያነከሱ በመንገዱ ዳር ሮጡ፤ ከአቧራው ውስጥ የሚታያቸው ያ የሰፋው ነጭ መከላከያ ብቻ ነበር፤ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ ልክ እንዳስተማሩት። መጀመሪያ አምስተኛ ነበር፤ ግማሽ ላይ ሦስተኛ ሆነ። ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጌታው ሳያስቡት በአማርኛ ጎሽ፣ ጎሽ ይሉ ነበር። ለአንድ አፍታ እግራቸው አልታመማቸውም፤ የተቀመጡትም የሚጋልቡትም እሳቸው ነበሩ።

አንድ መኪና ወደ ፈረሶቹ ተጠጋና ረጅም ጥሩምባ ነፋ። ሻኬድ ወደ ቀኝ ተወረወረች። ልጁ ወደ ግራ ሄደ።

ወደቀ፣ ግን አልቀረም፤ ጣቱ ቀለበቱ ውስጥ እንደተያዘ ተጎተተ። የብረት ቀለበት ጣት ሲወጣ ይለቃል፤ አፉ ጠንካራ ነው፣ አይጨብጥም። በዘይት የለሰለሰ ጠፍር ግን ሲሳብ ይጠብቃል። ጌታው ይህን ያወቁት ያን ጊዜ ነው፣ በዓይናቸው እያዩት። ባዝራይቱ በጎኗ የሚንጓለለውን ነገር ፈርታ ከዚያ በፊት ሮጣ በማታውቀው ፍጥነት ሮጠች። ሁለተኛውን አለፈች፤ አንደኛውን አለፈች። መጨረሻው መስመር ላይ የቆሙት ሰዎች መጀመሪያ ጮኹ። ቀጥለው ዝም አሉ። ሻኬድ መስመሩን አንደኛ አለፈችና ከዚያም ብዙ ሄደች።

ጌታው ሲደርሱ ባዝራይቱ በታጨደው የስንዴ ማሳ ውስጥ ቆማ ትንቀጠቀጥ ነበር። ኤሬዝ ቀድሟቸው ደርሷል። ተንበርክኮ የፊት እግሯን ከጉልበት እስከ ኮቴ በሁለት እጁ ይዳስስ ነበር። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ የኋላውን። ጌታው ይህን አይተው ያውቃሉ። ከኪሳቸው ሰንጢ አውጥተው በራሳቸው እጅ የሠሩትን ቀለበት ቆረጡ። ጣቱ ጠቁሮ ነበር። መከላከያው የት እንደወደቀ አልታወቀም፤ ሻሹ ግን ከልጁ አንገት ላይ ነበር።

አንዳርጌ ዓይኑ ክፍት ነው። ከአፉ ጠዋት የበላው ባምባና ደም ወጣ። «ወደቅኩ እንዴ?» አለ። ሌላ አልተናገረም።

አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ኤሬዝ ከዳኞቹ ጋር ተከራከረ። ሕጉ ባዝራይቱ ጋላቢዋን ይዛ እንድትገባ ነው የሚለው፣ ጋላቢው ደግሞ ከኮርቻው አልተለየም አላቸው። ይህን ሦስት ጊዜ አለ። ሁለት ሰዎች እውነትም ሕጉ እንደሱ ነው አሉ። ባንዲራ የያዙት ሽማግሌ ባንዲራውን መሬት ላይ ጥለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። በመጨረሻ ድሉ ለሁለተኛው ፈረስ ተሰጠ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንድ መርማሪ መጥቶ ከጌታው አጠገብ ተቀመጠ። ወጣት ነው፣ ትሑትም ነበር፤ ውሃ አመጣላቸው። ስምና ቁጥር ጻፈ። ዕድሜው ላይ ሲደርስ ከኤሬዝ የተቀበለውን ካርድ አየና አሥራ ሰባት ሊሞላው ነው ብሎ ለራሱ አነበበ።

«ዘጠኝ ነው» አሉ ጌታው። «ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

መርማሪው ካርዱን እንደገና አየው። ካርዱ የመንግሥት ነው፣ ፎቶውም የልጁ ነው። እንዲጋልብ የተፈቀደበት፣ ኤሬዝ ቀደም ብሎ ያስፈረማቸው ወረቀትም አለ፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የማነው ብሎ ጠየቃቸው። የኔ ነው አሉ። ጌታው ዘጠኝ ነው የሚለውን በዕብራይስጥ ደገሙት፤ ጣታቸውን ዘርግተው በእጃቸው አሳዩት። አንድ ጣት አጥፈው፣ ዘጠኝ። ሰውየው አዘነላቸው። ያሉትን እንደ ቃላቸው እመዘግባለሁ አለ፤ ከላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ግን ካርዱ ላይ ያለውን ነው የምጽፈው አላቸው። ጻፈውም።

ባይነሽ ከፋብሪካው ሰማያዊ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ መጣች። ጌታው ከወንበሩ ተነሡላት። ነርሷ በላስቲክ የሰጠቻቸውን ሻሽ ከእጃቸው ላይ አየችው፤ ተቀበለቻቸው፤ አጠፈችው፤ ወደ ክፍሉ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርሳቸውን ታቀርብላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ከመስኮቱ ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። አባዬ ግን ብላ አታውቅም።

ዩቫል ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞ ደወለ። ለፖሊስ የሰጡት ቃል ከወረቀቱ ጋር ስለተጋጨ የቤተሰቡ መዝገብ በሙሉ እንደገና እንዲታይ ተወስኗል፣ የሙሉሽም እስከዚያ ይቆማል አላቸው። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። አስጠንቅቄህ ነበር ብቻ አለ። ዓርብ ሙሉሽ ስትደውል ጌታው ስልኩን አላነሡትም። ጠረጴዛው ላይ እስኪዘጋ ድረስ አዩት።

ልጁ ከሁለት ወር በኋላ ቤቱ ገባ። ዳሌው በብረት ተይዟል። ይናገራል፤ ቃሉን ግን ፈልጎ እስኪያገኝ ሰው መጠበቅ አለበት። እግሮቹ አይሸከሙትም፤ ወደፊት ይሸከሙት እንደሆነ ሐኪሞቹ አልተናገሩም። ከአልጋው በላይ ያለው ደብዳቤ እንዳለ ነበር። ባይነሽ ወደ ምልመላ ቢሮው አምስት ጊዜ ስልክ ደውላ ልጁ ሕፃን ነው፣ ታሟልም ብላ ነበር፤ የተጠራው ራሱ ቀርቦ ካልታየ መዝገቡ አይስተካከልም ተባለች። ኤሬዝ በዚያው ሰሞን ለሻኬድ ሌላ ጋላቢ አግኝቶ ነበር። አፍንጫው ሲደማ የነበረውን ልጅ።

በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቀን ጠዋት ባይነሽ ልጇን በነጠላ አጥብቃ አዘለችው፤ የታዘዘለት ተሽከርካሪ ወንበር ገና አልመጣም። አራት ፎቅ ወረደች። አግዳሚው ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ብድግ አሉ፤ ዛሬ እጁን ግንባሩ ላይ ያደረገ የለም። ጌታው ደብዳቤውንና ካርዱን ይዘው አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ ተከተሏት። በባቡር ሄዱ፤ ከባቡር ወርደው በእግር። አንድም ጊዜ ከጀርባዋ አላወረደችውም።

ከምልመላ ቢሮው በር ላይ የቆመችው ወታደር ገና ልጅ ናት። ከጌታው ወረቀቱን ተቀብላ ስሙን አነበበች፤ ሽማግሌውን አየች፤ ሴትየዋን አየች። የተጠራው ወጣት የታለ ብላ ጠየቀች።

ጌታው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ባይነሽ አልጠበቀቻቸውም። ዞረችና ጀርባዋን አሳየቻት።